ሙቀት ሊለካ ለመጣ ሰው የተረጨ ውሃ

ኮምቦልቻ ውስጥ ቀን ለሚተኛ ሰው ጫጫታው አይከብድም። ባጃጁ፣ ጎማ ቤቱ፣ ሰዓቱን የማያውቀው የጎረቤት አውራ ዶሮ፣ ሁሉም ይለመዳል። እኔ ያቃተኝ ቆርቆሮው ነበር።

የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ። ሰው ሁሉ ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ሲወጣ እኔ ከሰርቪስ ወርጄ፣ ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ወደ አልጋዬ እሄዳለሁ። የተከራየሁት ክፍል ግቢው መጨረሻ ላይ ያለች፣ ኮርኒስ የሌላት፣ ግድግዳዋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ፊት ለፊት የሚቀበል ክፍል ናት። ጠዋት ላይ ትንሽ ያንቀላፋኛል። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የምተኛው እንቅልፍ አይደለም፤ ዓይኔን ጨፍኜ መጠበቅ ነው።

ያደግኩት ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ ነው። እዚያ ሙቀት ማለት ጋቢ ነበር። ሰው ቀን ላይ ተኝቶ ከተገኘም ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባላል። ከደሴ ቁልቁል ወርጄ እዚህ ስቀጠር ስለ ደሞዙ ጠየቅሁ፣ ስለ ሰርቪሱ ጠየቅሁ፣ ቀን የት እንደምተኛ ግን አልጠየቅሁም። ማንም ሰው እንቅልፉን አስቀድሞ አያቅድም።

ግንቦት ሲገባ ነገሩ ከአልጋዬ ወጥቶ ማሽኑ ጋ ደረሰ። አንድ ሌሊት የተበጠሰ ክር ልቀጥል ጎንበስ እንዳልኩ ዓይኔ ተከደነ። ተቆጣጣሪዬ ክንዴን ይዞ ባይስበኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት እጅ አይኖረኝም ነበር።

“እህቴ” አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ “ዛሬ አላየሁም። ሁለተኛ ካየሁሽ ግን ከማሽኑ አነሳሻለሁ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሥራ ሌላ ይገኛል። ጣት ከየት ትገዣለሽ?”

ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀን እንቅልፌ የሥራዬ ግማሽ ሆነ፤ ግማሹን ግን ልሠራው አልቻልኩም።

አከራዬን ሰፈሩ በሙሉ “እማማ” ነው የሚላቸው። ግቢው በር ላይ ለስላሳና ብስኩት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ሳሎናቸው፣ ከሳሎኑ ጀርባ የኔ ክፍል። ልጃቸው በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል። በዚያ ሰሞን ከጉዞ ሲመለስ አንድ ትልቅ ካርቶን አውርዶ፣ “እናቴ፣ ይሄ ኤሲ ነው፣ ሳሎንሽ ውስጥ አስገጥሚው፣ አንቺም እንግዶችሽም ትንሽ ቀዝቀዝ በሉ” ብሎ በዚያው ተመልሶ ሄደ።

ካርቶኑ በእጅ የተጠለፈ ጨርቅ ለብሶ ሳሎኑ መሃል ሰነበተ። እማማ ማንም እንዲደገፍበት አልፈቀዱም። ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቶቹ ለዱዓ ሲሰበሰቡ ዙሪያውን ከበውት ይቀመጣሉ። ዱዓውን የሚመሩት አጥር የሚጋሩን ሼህ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ከሥራ ዕረፍት በሆንኩ ሐሙስ ጥግ ይዤ አሚን እላለሁ፤ በወሎ ይህን የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። ሼሁ ካርቶኑን አይተው፣ “ይሄ እንግዳ ዝም አለሳ፣ አይጫወትም?” ይሉ ነበር።

“መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው” ይላሉ እማማ። “ዝም ብሎ ግድግዳ አይቦረቦርም።”

ምን እያሰቡ እንደሆነ የገባኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብዬ ራሴ ላይ ውሃ ሳፈስ ከሱቃቸው መስኮት አዩኝ። ምንም አላሉም። ማታ ግን ስልክ ሲደውሉ ሰማሁ፤ “ሳሎኑን ብቻ አይደለም፣ ሱቋንም የኪራይዋንም ክፍል እይልኝ። የትኛው እንደሚብስ አንተ ትነግረኛለህ።”

የደወሉለት ሰው ደሴ ሱቅ አለው። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ጅዳ ኤሲ ሲገጥምና ሲጠግን ኖሮ የተመለሰ፣ አፉ እንደ እጁ የፈጠነ ሰው። “ጅዳ ላይ ሳላቀዘቅዘው የመጣሁት ቀይ ባሕርን ብቻ ነው” ይላል። ጉራውን እወድለታለሁ፤ ምክንያቱም የሚጎርርበትን ነገር ሲሠራ አይቼዋለሁ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው “ስንት ክፍል ነው?” ብሎ ነው። እሱ ግን ቤት ሳያይ ማሽን አይሸጥም፣ ቀዳዳም አይበሳም። ግድግዳው ወደየት ይዞራል? ጣሪያው ምንድን ነው? ማን ይቀመጣል፣ በስንት ሰዓት፣ በር ተከፍቶ ነው ተዘግቶ? ይህን ሁሉ ካላወቀ መሣሪያውን ከመኪናው አያወርድም።

የሚመጣበት ቀን ደረሰ። እማማ ከጠዋት ጀምሮ እግራቸው መሬት አልረገጠም።

“ሰውየው ከደሴ ንፋስ ወጥቶ እኛ ቤት ይቃጠል? አንቺ ልጅ፣ ውሃውን አምጭው!”

አመጣሁ። ሳሎኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልን። ግቢውን ረጨን። ክፍሌንም፣ “እዚያም መግባቱ አይቀርም፣ ነውር ነው” ስላሉ፣ ወለሉን አጥበን፣ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን፣ መስኮቷ ላይ የተነከረ አንሶላ ሰቀልን። ይህም አልበቃቸው። ከሼሁ ቤት ቬንትሌተር ተዋስን። ሼሁ ራሳቸው በአጥሩ በኩል እያቀበሉኝ፣ “ለሙሽራ ነው?” አሉኝ።

“ሙቀት ሊለካ ለሚመጣ ሰው ነው።”

“ኧሯ? እንግዲያውስ በደንብ ይቀዝቅዝለት” አሉና ገመዱን ጨመሩልኝ።

ያኔ አንዳችንም አልሳቅንም። አንዳችንም ምን እያደረግን እንደሆነ አልታየንም። እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ይቀዘቅዛል፤ በዚህ መሃል ሌላ ሐሳብ የሚገባበት ቦታ የለም።

ሰውየው ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ወፍራም የደሴ ጃኬቱን ለብሶ ገባ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ “አሰላሙ አለይኩም” ብሎ፣ የእማማን ጉልበት ሊስም ሲል ከለከሉት፣ እሱም አልሰማቸውም። ሱቋን አየ። ሳሎኑን በሜትር ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ኮርኒሱን አየ። ቀጥሎ የኔ ክፍል። ሙቀት መለኪያውን አልጋዬ ራስጌ አስቀምጦ፣ የሼሁ ቬንትሌተር አንገቱን እያዞረ ሲነፍስበት፣ ትንሽ ቆየና አነሳው።

“ማሻአላህ! ይቺ ክፍል ምን ጎደላት? የኔ የደሴ ሱቅ ከዚህ ይሞቃል። እዚህ ኤሲ ማስገባት ውሃ ላይ ውሃ መጨመር ነው።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ነሽ አሉ ቀን የምትተኚባት። ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ያስተኛሻል?”

እማማ አጠገቤ ቆመዋል። እሳቸው ያከራዩኝን ክፍል፣ በራሳቸው ግቢ፣ በእንግዳ ፊት፣ ያቃጥላል ልበል?

“ኧረ ደህና ነው። ተመስገን” አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀ፣ ክፍሏን በሜትር ለካ፣ ወደ ሳሎን ተመለሰ። የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቁልቁል አየሁ፤ እግሬ ሥር ያለው ወለል ቀዝቅዞ ያበራል፤ ገና ሰዓት ሳይሞላ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ተቆጣጣሪዬ ክንዴን የያዘበት ቦታ ያሳከከኝ መሰለኝ።

ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ቀረበለት። እማማ ዳቦ ቆረሱ። እሱ ስለ ጅዳ እያወራ በመሃል ወደ እግሩ ጎንበስ አለ። አንድ እግሩን አነሳ። ካልሲውን ዳበሰ። ሌላውንም ዳበሰ።

“እማማ።”

“አቤት ልጄ።”

“ካልሲዬ ረጥቧል።”

“እና?”

“ወለሉ ታጥቧል እንዴ?”

“ታዲያ እንግዳ በአቧራ ይቀበሏል?”

ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ ኋላ ክፍል ሄደ፤ ተከተልነው። አንሶላውን ጨመቀ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ቬንትሌተሩን አጠፋው። ከዚያ ሳቁ መጣ። በሩን ደገፍ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ።

“ወላሂ፣ ጅዳ ላይ ስንት ቤት ገብቻለሁ! አንድ ሰው አንድ ጠብታ ውሃ ረጭቶልኝ አያውቅም። ይሄ የሚያጋጥመኝ እዚህ አገር ብቻ ነው። ሐይቅ ከተማ ሄድኩ፣ ረጭተው ጠበቁኝ። ሐርቡ ሄድኩ፣ ጥላ ሥር አስቀምጠው ‘ቤታችን ይሞቃል’ አሉኝ። እማማ፣ ሐኪም ሲመጣልዎ ትኩሳቱን አጥበው ነው የሚጠብቁት?”

እማማ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። መጀመሪያ ያፈሩ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን እየሳቁ እንደሆነ ገባኝ።

“ታዲያ ምን እናድርግህ? ልናቃጥልህ ነው?”

“አዎ! አቃጥሉኝ! ሳልናገር ተመልሼ እመጣለሁ። እንደ እንግዳ አይደለም፣ እንደ ቆጣሪ አንባቢ ቁጠሩኝ።”

“ቆጣሪ አንባቢውም እዚህ ቤት ሻይ ጠጥቶ ነው የሚሄድ” አሉት።

እንዳለው ሳይናገር መጣ። ጥቂት ቀናት አልፈው ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው በሚጮህበት ሰዓት፣ አልጋዬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ በሬ ተንኳኳ። እማማና እሱ ናቸው። ልነሳና ውሃ ልፈልግ ስል፣ “ተይ!” ብሎ ጮኸብኝ። “ምንም ነገር እንዳትነኪ! በሩን እንደ ሁልጊዜው ዝጊው።”

ዘጋሁት። ብርሃንና ጫጫታ እንዳይገባ ሁልጊዜ እዘጋዋለሁ። እማማ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እሱ በርጩማዬ ላይ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። መለኪያው መሬት ላይ ነው፤ እሱ ግን አላየውም። የሚያየው እኛን ነበር። ከላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ትንሽ ቆይቶ ጃኬቱን አወለቀ። ይህን ሰው ያለ ጃኬት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእማማ ላብ ከሻሻቸው ሥር ወጥቶ በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

እኒህ ሴትዮ ይህን ክፍል ያሠሩት፣ ያስለሰኑት፣ ያከራዩት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ ግን ተቀምጠውበት አያውቁም። ለምን ይቀመጣሉ?

“ልጄ፣” አሉ በመጨረሻ፣ “በዚህ ውስጥ ነው የምትተኚው?”

“ተመስገን፣ እማማ።”

“ተመስገኑን ተይውና መልሽልኝ።”

“አልተኛም” አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ። “ከገባሁ እስከ ረፋድ ነው። ማሽን ላይ እያንቀላፋሁ ነው። ሁለተኛ ካዩኝ ያወጡኛል።”

ሰውየው በሩን ከፈተው። ወደ ግቢው ስንወጣ የኮምቦልቻ ፀሐይ እንደ ጥላ ቀዘቀዘችን።

እቅዱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ያን ከሰዓት እንደ እሱ ያለ ሰው ሲያስብ ማየት ሌላ ነገር ነበር። ግጥም እሞካክራለሁ፣ ስንኝ ለመሙላት ቃል የምፈልግ ሰው ነኝ፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ የማይገባ ቃል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እሱም ያን ካርቶን በሐሳቡ በየግድግዳው ላይ እንዲህ እየሞከረ ያነሳው ነበር። የኔ ክፍል አይሆንም አለ፣ እያዘነ። ኮርኒስ የለም፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው የማይገናኙበት ቦታ ሰማይ ይታያል። “እዚህ ብገጥመው የማቀዘቅዘው ኮምቦልቻን ነው። ማሽኑ ቀን ሙሉ ይለፋል፣ አንቺ አትተኚም።” ሱቋም አትሆንም፤ በሯ አይዘጋም፣ የሚገባ የሚወጣው አያቋርጥም። ሳሎኑ ኮርኒስ አለው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የቆጣሪውም ገመድ ቅርብ ነው፤ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን ብሬከር ይጨመራል፣ ከሱቁ ፍሪጅ ጋር አይሻማም።

“ቦታውማ ሳሎኑ ነው” አለ። “ልጅዎም ትክክል ነው።”

እቃዬን ጠቅልዬ ገራዶ ስመለስ ታየኝ።

እሱ ግን አልጨረሰም። ከግድግዳው ውጭ የሚሰቀለውን የማሽኑን አካል የት እንደሚያደርገው ለማየት ግቢውን ዞረ። የሚመቸው ቦታ የሼሁ አጥር በኩል ነበር፤ ቱቦው ያጥራል፣ ሥራው ይቀላል። አጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ወደ ሼሁ ግቢ አየ። ሽማግሌው እዚያ ከግድግዳው ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥሩ ነበር።

“እዚህ አይሆንም” አለና ወረደ።

“ምነው?” አልኩት።

“ውስጥ የሚገባው ቅዝቃዜ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ሙቀቱን አውጥተን እኮ ነው። ሙቀት አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይር። የኔ ሥራ ማን ላይ እንዳይሄድ ማወቅ ነው። ሰው ቤት አቀዝቅዤ የሼሁን ፊት አላቃጥልም።”

በሌላኛው በኩል፣ ማንም በማይቀመጥበት፣ ከፓፓያው ዛፍ በላይ እንዲሆን ወሰነ። የመዳብ ቱቦው ይረዝማል፣ ይርዘም። የሚንጠባጠበውም ውሃ ዛፏን ያጠጣ።

ከዚያ እማማን ጠየቃቸው፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ነው። “ሳሎኑ ውስጥ ቀን ቀን ማን ይኖራል?”

እማማ በሳሎኑ በር የካርቶኑን ጨርቅ አዩ። እኔን አዩ።

“እሷ” አሉ።

“እማማ…”

“ዝም በይ። ጠዋት ስትመጪ ሳሎን ትገቢያለሽ። ፍራሽሽ ምንጣፉ ላይ ይነጠፋል። ማታ ስትወጪ ይነሳል።”

“እንግዳዎችስ? ዱዓውስ? እኔ ሳሎንዎ ውስጥ ተጋድሜ ሼሁ ውጭ ይቀመጣሉ? እንዴት ይሆናል?”

“ሼሁ ማሽን ላይ ነው የሚያድሩ?”

በአጥሩ ማዶ ሳል ተሰማ። “ሰምቻለሁ” አሉ ሼሁ። “እኔ ጥላ ካገኘሁ ይበቃኛል። ብቻ ቬንትሌተሬን መልሱልኝ።”

ሰውየው ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ለአንድ ለኪ እንግዳ የጀሪካን ውሃ የጨረሱ ሴት፣ ያንኑ ሳሎን ከእንግዳ ነጥቀው ለተከራይ ልጅ ሰጡ። ይህን ለመናገር ብዙ ቃል ሞክሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ አልመጣልኝም።

ሲገጥም ቆሜ አየሁት። ቀዳዳውን ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል አድርጎ በሳው፣ ዝናብ እንዳይገባ። ቱቦዎቹን ሲያስር፣ ሲለብጥ፣ ከግድግዳው የወደቀውን ኖራ በእጁ ሲያፍስ፣ ስለ ቀይ ባሕር ማውራቱን አላቆመም። ሲጨርስ ሪሞቱን ሰጠኝና፣ “በጣም እንዳታቀዘቅዥው፣ ትታመሚያለሽ” አለ። “ልክ የገራዶ ጠዋት እስኪመስልሽ፣ እዚያ ላይ አቁሚው።” የመጣው ከደሴ ስለሆነ ያንን ልክ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነበር። ከሰርቪስ ወርጄ፣ ፀጉሬን አራግፌ፣ እማማ ባነጠፉት ፍራሽ ላይ ጋደም አልኩ። ከላይ ነጩ ማሽን በስሱ ይተነፍሳል። ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በግንቦት፣ ጋቢ! ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም።

የነቃሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ነቅቼም ሳለ ምን እንዳነቃኝ አላወቅሁም፤ ድምፅ አልነበረም። ቆይቶ ሰማሁት። በመስኮቱ ማዶ፣ ከፓፓያው ወዲህ ባለው ጥላ ሥር፣ ብዙ ሰዎች በሹክሹክታ አሚን ይላሉ። ሼሁ ዱዓውን የሚያደርጉት ጆሮ ላይ እንደሚነገር ምስጢር ነው። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሳለ።

“ቀስ” አሉ እማማ። “ልጅቱ የማታ ናት።”

“አላህ ጣቷን ይጠብቅላት” አሉ ሼሁ።

“አሚን” አሉ ሁሉም፣ በሹክሹክታ።

ከመጋረጃው ጫፍ ሳይ እማማ ጀሪካን ይዘው፣ ቁልቁል ጎንበስ ብለው፣ ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፋቸው እየቀዱ ከእንግዶቻቸው እግር ሥር ያለውን አፈር ይረጩ ነበር። ሙቀቱ ቦታ ቀይሯል፤ ማን ላይ እንደሄደ አየሁ። ወጥቼ ጀሪካኑን ልቀበላቸው ብድግ አልኩ። እጄ በሩን ሊይዝ ሲል፣ ብወጣ “ግቢና ተኚ” እንደሚሉኝ አወቅሁ። የተሰበሰቡት በሹክሹክታ ዱዓ የሚያደርጉት ለእንቅልፌ ሲሉ እንደሆነም አወቅሁ።

ማታ ማሽኑ ይጠብቀኛል። ተመልሼ ጋደም አልኩ፣ ጋቢዬን ሳብኩ፣ እና ተኛሁ።